ማሽኑና የቤት ሠራተኛዋ

የቼኩ ጸሐፌ ተውኔት ካሬል ቻፔክ በ1913 ዓ.ም. ለንባብ ባበቃው ተውኔት «ሮቦት» የሚለውን ቃል ለዓለም አበረከተ። ቃሉን የጠቆመው ሠዓሊው ወንድሙ ዮሴፍ ነበር። ምንጩም ገባሩ ለባለ መሬቱ ያለ ዋጋ ይሠራው የነበረው የግዴታ ሥራ ነው፤ በአገራችን ሁዳድ ይባል ከነበረው ጋር ይቀራረባል። እንግዲህ ሮቦት ገና ከስሙ የሚነግረን ስለ ብረት ሳይሆን ስለ ጌታና ስለ ሎሌ ነው።

ዛሬ ይኸው ስም ወደ ማጀት ሊገባ ተሰናድቷል። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ዋን ኤክስ የተባለው ኩባንያ ልብስ ለሚያጥፈውና ዕቃ ለሚያነሣው ሰው መሰል ሮቦት፣ ለኒዮ፣ በ20,000 ዶላር ቅድመ ትእዛዝ መቀበል ጀመረ። ማሽኑ ያልለመደው ሥራ ሲገጥመው ግን ከሩቅ ሆኖ የሚመራው ሰው እንዳለ ኩባንያው ራሱ ገልጿል። ከብረቱ በስተጀርባ ዛሬም የሰው እጅ አለ ማለት ነው።

ነገሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ለሰው መሰሏ ሮቦት ለሶፊያ ሶፍትዌር አስተዋጽኦ ካደረጉት አንዱ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ነው። በ2010 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ለሶፊያ ዜግነት ሰጠች፤ በዚያው ዘመን እዚያው አገር በቤት ሠራተኛነት ያገለግሉ የነበሩ ኢትዮጵያውያት ግን በከፋላ ሥርዓት ሳቢያ ኑሯቸው በአሠሪያቸው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ወደ ቤታችንም እንመልከት። የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ እንጦጦን የሚሻገረው የጎጃም መንገድ ስንቷን ልጃገረድ ለአዲስ አበባ ማድ ቤት አድርሷል! ከቤት ስትገባ ስሟ ይቀርና «ሠራተኛዋ» ትባላለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የእርሷን ጉዳይ ወደፊት ለሚወጣ ደንብ ትቶት አልፏል።

በመሠረቱ ጥያቄው ማሽን ነፍስ ይኖረው ይሆን የሚለው አይደለም፤ አገልጋይ ስንሻ የምንሻው ምንድን ነው የሚለው ነው። የማይደክም፣ የማይራብ፣ ደመወዝና ዕረፍት የማይጠይቅ አካል ከሆነ፣ ይህ ምኞት ከማሽኑ በፊት በሰው ላይ ተሞክሯል። ጢስን የሚያስቀር፣ ሸክምን የሚያቀል መሣሪያ ይምጣ፤ ይህን የሚቃወም በእንጦጦ ቁልቁለት እንጨት ተሸክሞ የማያውቅ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከድካም መላቀቅ አንድ ነገር ነው፤ ለደከመው ሰው ካለብን ዕዳ መላቀቅ ሌላ ነው።

የቤት ሠራተኛዋ በስሟ በምትጠራበት፣ ውሏና የዕረፍት ቀኗ በሚከበርበት ቤት ማሽኑ የሥራ አጋዥ ይሆናል። ይህ ባልሆነበት ቤት ግን የሚገባው ሁዳድ ነው፤ መልኩ ብቻ ተለውጧል።