ድካምና ምስጋና

ሠራተኛን መሸለም የሚያስነሳው ጥያቄ፣ ለማን ምን ይገባል የሚለው ነው። አርስቶትል በ«ኒቆማኪያ ሥነ ምግባር» 5ኛ ክፍል፣ ክብርና ገንዘብ ሲከፋፈል ድርሻው ከብቃት ጋር ይመጣጠን ይላል፤ ብቃት ምን እንደሆነ ግን ሰዎች እንደማይስማሙ ራሱ ያምናል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የወይን እርሻ ባለቤት ማልዶ ለገባውም፣ በ11 ሰዓት ለተቀጠረውም አንድ አንድ ዲናር ይከፍላል። ቀኑን ሙሉ በሐሩር የደከሙት ያጉረመርማሉ፤ ማጉረምረማቸውም የሚናቅ አይደለም። የተዋዋሉት ደመወዝ አልጎደለባቸውም፤ የጎደለባቸው ድካማቸው ተለይቶ መታየቱ ነው። የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ ሲመረጥ ደግሞ ቅሬታው ከሌላ ወገን ይመጣል። አንዱ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ከመድረክ ሲወርድ፣ ሌሊቱን መጋዘን ሲጠብቅ ያደረው ዘበኛ ስሙ አይነሳም። ይህ በአርስቶትል ሚዛንም በደል ነው፤ የዘበኛው ሥራ ከአለቃው ዓይን ስለራቀ ብቻ ሳይመዘን ቀርቷልና።