የደረቀው የቀለም ብልቃጥ

ዕቃ ከሥራው ከተፈታ በኋላ ምን ይባላል? ማረሻ ማረሱን ቢተው ብረት ነው፤ ምንቸትም መቀቀሉን ቢተው ሸክላ ነው። ዳሩ ግን ሰው ሥራ የፈታን ዕቃ አንሥቶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ከመስተዋት ሣጥን ሲያኖረው ዕቃው ሌላ ስምና ሌላ ዋጋ ያገኛል። ይህ ሁለተኛ ሕይወት ለዕቃው ክብር ነው ወይስ ግዞት? ጥያቄው ከሰብሳቢው መደርደሪያ አልፎ፣ ሰው የሰውን ድካም እንዴት ሊያከብር ይገባዋል ወደሚለው የሥነ ምግባር ጥያቄ ያደርሳል።

ለዚህ የጽሕፈት ጠረጴዛ ዕቃዎች ጥሩ ምስክሮች ናቸው። ብዕር በየጥቂት ቃሉ ቀለም መጥቀስ በነበረበት ዘመን፣ የቀለም ብልቃጥ፣ የብዕር ማኖሪያና የደብዳቤ መያዣ ከጠረጴዛ የማይለዩ ነበሩ። ሀንጋሪያዊው ላስሎ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1938 የፈጠራ መብት ያስመዘገበለት እስክሪብቶ በዓለም ከተስፋፋ በኋላ ግን ብልቃጡ ደረቀ፤ ከጸሐፊው ጠረጴዛ ወርዶም ወደ ሰብሳቢው እጅ ገባ።

ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው መካከል ጀርመናዊቷ ማሪያነ ብራንት የነደፈቻቸው ይገኛሉ። ብራንት፣ ዋልተር ግሮፒየስ እ.ኤ.አ. በ1919 በቫይማር ከተማ ባቋቋመው ባውሃውስ በተባለው የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት በብረታ ብረት ክፍል ተምራለች፤ በኋላም ክፍሉን መርታለች። ከ1929 እስከ 1932 ደግሞ በጎታ ከተማ ለሩፔል ፋብሪካ ከስስ ብረት የሚሠሩ፣ ቀለም የተቀቡ የጠረጴዛ ዕቃዎችን ነድፋለች። እነዚህ ዕቃዎች ጌጥ አልበዛባቸውም፤ ውበታቸው የሚመነጨው ከልካቸውና ከአገልግሎታቸው ነው። የትምህርት ቤቱም ምኞት፣ በፋብሪካ በብዛት የሚመረት መልካም ዕቃ የባለጸጋ ብቻ ሳይሆን የተራውም ሰው ገንዘብ እንዲሆን ነበር።

ታሪክ ግን ምኞቱን ገለበጠው። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ባውሃውስ ተዘጋ፤ ብራንትም ሥራዋን አጥታ ወደ ትውልድ ከተማዋ ወደ ኬምኒትስ ተመለሰች። በ1983 አረፈች። በ1924 ገደማ የነደፈቻት አንዲት ትንሽ የሻይ ማፍያ ግን ከሞቷ 24 ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ በኒውዮርክ ጨረታ 361000 ዶላር አወጣች። እጅ በሕይወት ሳለ ያጣውን፣ ዕቃው ከእጁ ሞት በኋላ አገኘው።

ታዲያ ሰብሳቢው ይወቀስ? አይደለም። እርሱ ባይኖር ብዙው ዕቃ ዝጎ ወይም ቀልጦ በቀረ ነበር። ዋጋ የሌለውን ማን ይጠብቀዋል የሚለው ክርክርም እውነት አለበት። ወቀሳው የሚጀምረው ጠባቂው የሚጠብቀውን ሲረሳ ነው። ይህንንም አንድ ቀላል ጥያቄ ይለየዋል። ነገ ማለዳ ከተረሳ መጋዘን አንድ ሺህ ተመሳሳይ ብልቃጦች ተገኙ ቢባል ሰብሳቢው ምን ይሰማዋል? አንደኛው ሰብሳቢ ያዝናል፤ የወደደው ብልቃጡን ሳይሆን የሌላውን ሰው ማጣት ነበርና። ሁለተኛው ደስ ይለዋል፤ መልካም ነገር በዝቶ ለብዙዎች ስለሚደርስ፣ የነዳፊዋም ምኞት ዘግይቶም ቢሆን ስለሚፈጸም።

ይህን መለኪያ የኢትዮጵያ ቁም ጸሐፊ የቀለም ቀንድም ያጸናዋል። ቁም ጸሐፊው ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በየቀንዱ ሞልቶ፣ ጫፉን ከመሬት ሰክቶ ይጽፋል። ቀንዱ በጎደለ ቁጥር ብራናው ይሞላል፤ ሥራው ሲፈጸም በክብር የሚቀመጠው መጽሐፉ እንጂ ቀንዱ አይደለም። ቀንዱን ዛሬ አንሥቶ የሚያኖር ሰው ቢገኝ መልካም ያደርጋል፤ ነገር ግን ያኖረው ባዶ ቀንድ መሆኑን፣ ባዶነቱም የተሰጠ ቀለም ምስክር መሆኑን ማወቅ አለበት።

እንግዲህ ዕቃ መሰብሰብ በራሱ በጎም ክፉም አይደለም። የደረቀን ብልቃጥ በእጁ የያዘ ሰው ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ ማን ሠራው? ለማን ተሠራ? ምን ተጻፈበት? እነዚህን የሚመረምርና ለሌላው የሚነግር ሰብሳቢ የሠሪውን ዕዳ ይከፍላል። ዋጋውን ብቻ የሚቆጥር ግን፣ መደርደሪያው የቱንም ያህል ቢሞላ፣ የሌላውን ድካም ቆልፎ ከመያዝ አያልፍም።