የብርዕ መቅለልና የቃል ዕዳ

በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዳዊት የደገመ ሁሉ ጸሓፊ አይሆንም ነበር፤ ቁም ጽሕፈት የሚባለው፣ መጻሕፍትን በእጅ የመገልበጥ ጥበብ፣ ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ ለብቻው የሚቀሰም ሙያ ነበርና። ተማሪው የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ወጥሮ ጠጉሩንና ሞራውን ይፍቃል፣ ከጥላሸት ጥቁር ቀለም ይበጠብጣል፣ መቃ ቀርጾ ብርዕ ያበጃል፣ የብራናውን ዳርና ዳር በወስፌ ወግቶም ያለ ቀለም መስመር ያሰምራል፤ ይህ ሁሉ ድካም አንድ ቃል እንኳ ሳይጻፍ የሚከፈል ነው። የተሳተ ቃል በቢላዋ ተፍቆ ይታረማል፤ ስፍራው ግን ሻክሮ ስለሚቀር ለዓይንም ለጣትም ይታወቃል። ብዙ ጸሓፍት በመጽሐፋቸው ፍጻሜ ከአንባቢው ይቅርታና ጸሎት የሚለምኑት የእጃቸውን ድካም ስለሚያውቁ ነው።

ጽሕፈት ከብራና ወደ መኪና በተሻገረ ጊዜም፣ ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን ፊደል ለጽሕፈት መኪና ሲያመቻቹ፣ 33ቱ ፊደላት በሰባት መልክ ሲባዙ 231 ስለሚሆኑና የመኪናው ቁልፎች ጥቂት ስለነበሩ፣ ችግሩ ቀላል አልነበረም። ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ ወጥ የኮምፒውተር መለያ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝን ፊደል ከጨመረ ወዲህ ግን መንገዱ ተጠርጎ፣ ዛሬ በዐረብ አገር የምትሠራ ልጅ ለእናቷ በገዛ ፊደሏ ከእጅ ስልኳ ትጽፍላታለች። ይህ በረከት ነው፤ ብራናን እያሞገሰ ስልክን የሚረግም ሰባኪ የዚህችን እናት ደስታ አላየም።

ሆኖም ቆዳው ራሱ ያስገድደው የነበረውን ጥንቃቄ አሁን ከጸሓፊው ልብ በቀር የሚያስገድድ የለም። በንዴት የተጻፈ ስድብ ንዴቱ ሳይበርድ ይደርሳል፤ ጸሓፊው ተጸጽቶ ቢያጠፋውም፣ አስቀድሞ ባነበበው ሰው ልብና ስክሪን ሾት አድርጎ ባስቀረው ሰው ስልክ ውስጥ ይኖራል።

ሐዋርያው ዮሐንስ ሦስተኛ መልእክቱን ለጋይዮስ በላከ ጊዜ፣ ዲዮጥራጢስ የተባለው ሰው በሐዋርያው ላይ ክፉ ቃል ይናገር ነበር። ሐዋርያው ጥፋቱን በአጭሩ ካመለከተ በኋላ የሚጽፈው ብዙ ነገር እያለው በቀለምና በብርዕ ሊጽፈው አልወደደም፤ ፊት ለፊት ለመነጋገር ተስፋ አደረገ። እንግዲህ በቴሌግራም ግሩፕ የወንድሙን ስም ያጠፋ ምእመን፣ መልእክቱን መሰረዙ ንስሓ እንዳይመስለው፤ ወደ በደለው ሰው ቤት ይሂድ፣ በዚያው ግሩፕ ላነበቡትም ሁሉ ነገሩ ሐሰት እንደነበረ የገዛ ስሙን ገልጦ ይጻፍላቸው።