«አጣሩ» እና «አትጠርጥሩ»፦ በአንድ ሱራ ውስጥ ያሉ ሁለት ትዕዛዞች

 

ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው እጁ ላይ ስልክ አለ። ተራው እስኪደርስ ስልኩ ስለ አንድ ክትባት፣ ስለ አንድ የፍርድ ቤት ክስ፣ ስለ አንድ ግጭት ወሬ ያቀብለዋል። በሦስቱም ላይ ለመወሰን ያለው ጊዜ ታክሲው እስኪመጣ ነው። ያምናል፣ ያስተላልፋል፣ ይሳፈራል።

የዛሬው ጥያቄያችን እዚህ ላይ ነው። አንድ ሙስሊም የሰማውን መጠራጠር ይችላል? ወይስ ጥርጣሬ የኢማን ጠላት ነው? ብዙ ወጣቶች ይህን ይጠይቃሉ። አንዱ «ሙእሚን የዋህ ነው፣ ሰውን ያምናል» ይላል። ሌላው «ዘመኑ የውሸት ነው፣ ማንንም አትመን» ይላል።

ሱረቱል ሑጁራትን ክፈቱ። በ6ኛው አያ አላህ (ሱ.ወ) ፋሲቅ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ እንድናጣራ ያዘናል፤ ካላጣራን ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን በሠራነው ልንጸጸት እንደምንችል ያስጠነቅቀናል። እዚያው ሱራ 12ኛው አያ ላይ ደግሞ ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ፣ የሰውን ነውር እንዳንሰልል፣ እንዳንተማማ ያዘናል። በአንድ ሱራ፣ በስድስት አያዎች ልዩነት፣ አጣሩም አትጠርጥሩም ተብለናል። እንዴት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እንፈጽማለን?

መልሱን ከሰሃቦች ሕይወት እናገኘዋለን። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ወደ ዑመር (ረ.ዐ) ቤት መጥተው ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠየቁ፣ መልስ ሲያጡ ተመለሱ። ዑመር ለምን እንደተመለሱ ሲጠይቋቸው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙት ሐዲስ እንዲህ እንደሚያዝ ነገሯቸው። ዑመር ምስክር እንዲያመጡ ጠየቁ። አቡ ሙሳ ወደ አንሷሮች ሄዱ፣ አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ) መጥተው መሰከሩ። በአንዳንድ ዘገባዎች ላይ ዑመር አቡ ሙሳን ውሸታም ብለው እንዳልጠረጠሯቸው፣ የፈሩት ሰዎች በነቢዩ ስም እንደልባቸው መናገር እንዳይጀምሩ እንደሆነ ተናግረዋል።

እዚህ ጋ ቋጠሮው ይፈታል። መልካም ግምት የሚሰጠው ለሰውየው ነው። ማስረጃ የሚጠየቀው ለንግግሩ ነው። ወንድምህን ታከብረዋለህ፣ ያመጣውን ወሬ ግን ትመዝነዋለህ። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፦ ሰውየውን እንጠረጥራለን፣ ወሬውን እንቀበላለን። «እገሌ ድሮም ደስ አይለኝም» እንልና ስለ እሱ የተነገረውን ሁሉ ሳናጣራ እናስተላልፋለን።

ይህን መለኪያ በሦስት ነገሮች ላይ እንሞክረው።

መጀመሪያ ሳይንስ።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎች «ለኢብራሂም ሞት ነው» አሉ። አስቡት፣ ይህ ወሬ ለነቢዩ የሚጠቅም ነበር፤ ተከታይ ፈላጊ ሰው ቢሆን ዝም ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። እሳቸው ግን ልጃቸውን በቀበሩበት ሐዘን ውስጥ ሆነው ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ ተናገሩ፣ ወደ ሶላትም ጠሩ። ማጣራት ማለት የምንጠላውን ወሬ መመርመር ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስተምር ታሪክ የለም።

እኛም ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም ፀሐይ ስትጋረድ አይተናል። በላሊበላ ሰማይ ላይ ቀለበት ሆና ታየች። ወቅቱ ኮሮና የገባበት ነበርና ሁለቱን አገናኝቶ ያላወራ ሰው ጥቂት ነው። የፀሐይ ግርዶሹ ግን ቀኑና ሰዓቱ፣ የሚያልፍበትም መንገድ ሳይቀር ከዓመታት በፊት ተሰልቶ የታወቀ ነበር።

በዚያው ዓመት መጋቢት ወር፣ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን በተገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አንድ ከአገር በቀል ዕውቀት የተነሳ መድኃኒት የመጀመሪያ ምርምሩን አልፎ ወደ ቀጣዩ ሙከራ ሊሸጋገር እንደሆነ አሳወቁ። ማኅበራዊ ሚዲያው «መድኃኒቱ ተገኘ» ብሎ አነበበው። «ሊሞከር ነው» እና «ያድናል» በሚሉት መካከል ያለው ርቀት ግን ሰፊ ነው። አብዛኛው ታማሚ በራሱ ጊዜ በሚድንበት በሽታ ላይ ለመቶ ሰው ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ብትሰጡ አብዛኛው ይድናል፣ ምስጋናውንም ፌጦው ይወስዳል። ለዚህ ነው ሳይንቲስቶች ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለአንዱ ቡድን መድኃኒቱን ሰጥተው ከሌላው ጋር የሚያወዳድሩት። አገር መውደድ ይህን ጥያቄ አያስቀርም።

ሳይንስን መጠራጠር እና እንደ ሳይንቲስት መጠራጠር ግን ይለያያሉ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም በአማራ ክልል ምዕራብ ጎጃም ለጤና ምርምር የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች «ልጆቻችንን በክትባት ሊገድሉ ነው» በሚል ወሬ በሕዝብ ተደብድበው ተገደሉ። ያንን ወሬ ያመኑት ሰዎች ራሳቸውን ተጠራጣሪ እና ጠንቃቃ አድርገው ያዩ ነበር። የተጠራጠሩት ግን ተመራማሪዎቹን እንጂ ወሬውን አልነበረም። አንድ ሰው እንኳ «ይህን ማን አየ?» ብሎ ትምህርት ቤቱን ቢጠይቅ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አስቡት። አያው ያስጠነቀቀን ጸጸት ይህን የመሰለ ነው።

ክትባት ምን እንደሠራ ለማወቅም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፈንጣጣ በዓለም ላይ ከጠፋባቸው የመጨረሻ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ የመጨረሻው ታማሚ በአገራችን የተገኘው በ1968 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ኢትዮጵያዊ ፊቱ ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ የለም። አያቶቻችሁን ጠይቁ፣ ጠባሳውን ያውቁታል።

ከዛሬ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በበስራ ተወልደው በካይሮ የኖሩት ኢብኑል ሀይሠም በጥንቱ ሊቅ በበጥሊሞስ ላይ የጥርጣሬ መጽሐፍ ጽፈዋል። እውነትን የሚፈልግ ሰው የሚያከብራቸውን የቀደሙ ሊቃውንት ጽሑፍ ሳይቀር መመርመር እንዳለበት፣ በምርመራው ጊዜ ደግሞ የራሱን ዝንባሌ አብሮ መጠርጠር እንዳለበት ያስተምሩ ነበር። የመጀመሪያው ለሁላችንም ቀላል ነው። ሁለተኛው ነው ከባዱ።

ቀጥሎ ሕግ።

በሐምሌ 2004 ዓ.ም የሙስሊሙ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ታሰሩ፣ በጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰሱ። ክሱ ገና በፍርድ ቤት እየታየ ሳለ ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም «ጅሃዳዊ ሐረካት» የተባለ ፊልም በመንግሥት ቴሌቪዥን ተላለፈ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ፊልሙን ባዩ ብዙ ቤቶች ውስጥ ግን ፍርዱ በዚያ ምሽት አልቆ ነበር። በሐምሌ 2007 ዓ.ም በ18 ሰዎች ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደ። በኋላ በ2009 እና በ2010 ዓ.ም በተለያየ ጊዜ ተፈቱ።

ያን ጊዜ ያመመንን እናስታውሳለን። ሌላው ጎረቤታችን «ቴሌቪዥን ላይ አየሁት እኮ» ሲለን የተሰማንን እናስታውሳለን። እንግዲህ ጥያቄው፣ ዛሬ ካቴና እጁ ላይ ገብቶ ስልካችን ላይ የሚታየው ሰው የሌላ ሃይማኖት፣ የሌላ ብሔር፣ ወይም የማንወደው ፓርቲ ሰው ሲሆን ምን እንላለን? «ስቀሉት» ብሎ ከሚጽፈው ጋር ነን? በሸሪዓችን ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ የከሳሹ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዐሊን (ረ.ዐ) ዳኛ አድርገው ወደ የመን ሲልኳቸው የሁለተኛውን ወገን ቃል ሳይሰሙ እንዳይፈርዱ መክረዋቸዋል። ይህ ለወገን ብቻ የተሰጠ መብት አይደለም። ለራሳችን ስንጠይቀው የነበረውን ለሌላው የምንነፍግ ከሆነ ያኔ የጮኽነው ለፍትሕ ሳይሆን ለራሳችን ብቻ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ፖለቲካ።

ሜክሲኮ አደባባይ ለምን ሜክሲኮ እንደተባለ ስንቶቻችን ጠይቀናል? በግንቦት 1936 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ያዝኩ፣ የኢጣልያ ግዛት ናት ብሎ አወጀ። ከጊዜ በኋላ እንግሊዝና ፈረንሳይ ሳይቀሩ ይህን ተቀበሉ። ጥቂት አገሮች ግን አልተቀበሉም፤ ከእነሱ አንዷ ሜክሲኮ ናት። ለኢትዮጵያ ሩቅ ነበረች፣ ጦርም አልላከችም። ያደረገችው ጉልበት በራሱ መብት ይሆናል ወይ ብላ መጠየቅና ብዙዎች ስላሉ ብቻ «አዎ» አለማለት ነው። እዚህ አደባባዩ በስሟ ተጠራ፣ እዚያም በሜክሲኮ ሲቲ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይና የባቡር ጣቢያ አለ። በየቀኑ የምንረግጠው ቦታ የተናጋሪ ብዛት ማስረጃ እንዳልሆነ ያስታውሰናል።

አንድ ሺህ ጊዜ «ሼር» የተደረገ ፎቶም እንዲሁ ነው። አሮጌ ፎቶ፣ የሌላ አገር ፎቶ፣ ድምፁ የተቀየረ ቪዲዮ በስንት ግጭት ላይ ነዳጅ ሆኗል። እዚህ ላይ አንድ ወጣት «እኛ እስክናጣራ ሰው እየተበደለ ነው፣ ዝም እንበል?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ማጣራት ግን ዝምታ አይደለም። ዘጠኝ እውነተኛ ምስሎች ያለው ሰው አንድ ሐሰተኛ ሲጨምርባቸው በዳዩ ያችን አንዷን ይዞ ዘጠኙን ያስተባብላል። የተበዳይን ምስክርነት የሚጠብቅለት ያጣራለት ሰው ነው።

በገዛ ራሳችን ጉዳይም እንጀምር። «ይህን ዱዓ ለአሥር ሰው ካላስተላለፍክ…» የሚሉ፣ ምንጭ የሌላቸው «ሐዲሶች» በየጁሙዓው ይደርሱናል። ደስ ስለሚሉ እናስተላልፋቸዋለን። በነቢዩ ስም መዋሸት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እያወቅን፣ ለስኳር ዋጋ የምናደርገውን ማጣራት ለሐዲስ አናደርግም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስህተት። «እንግዲያው ሁሉም ውሸት ነው» የሚል ሰው አጣርቶ አይደለም፤ ማጣራት ደክሞት ነው። ሁሉን የሚያምንና ሁሉን የሚክድ ሰው አንድ ነገር ይጋራሉ፣ ሁለቱም ማስረጃ አይመዝኑም። ሁሉንም በራሳችን ማጣራት ደግሞ አንችልም። ሐኪሙን፣ መሐንዲሱን፣ ዓሊሙን እናምናለን፤ እምነቱ ግን «እንዴት አወቅህ?» ለሚለው መልስ ባለው ሰው ላይ ይሁን። ማጣራቱም በጉዳቱ ልክ ይሁን። ስለ ዝናብ የተነገረ ወሬ ቢሳሳት ልብስ ይረጥባል፤ ስለ ሰው ክብርና ደም የተነገረ ወሬ ቢሳሳት የሚመለስ ነገር የለም።

ማወቅ ያልቻልነውስ? ዛሬ ሱረቱል ካህፍን ስትቀሩ 22ኛው አያ ላይ ቆም በሉ። ሰዎች የዋሻው ወጣቶች ሦስት ናቸው፣ አምስት ናቸው፣ ሰባት ናቸው እያሉ ይከራከራሉ። አላህ (ሱ.ወ) በሩቁ የሚገምቱትን ወቅሶ ቁጥራቸውን ጌታዬ ያውቃል በል ይላል፣ በእነሱ ጉዳይም ጥልቅ ክርክር ውስጥ እንዳንገባ ያስተምራል። በየጁሙዓው የምንቀራው ሱራ ውስጥ «አላውቅም» የማለት ትምህርት አለ። ዑለማዎቻችን ፈትዋቸውን «አላሁ አዕለም» ብለው የሚዘጉት ለጌጥ አይደለም።

እንግዲህ ለዚህ ሳምንት አንድ ነገር እንሞክር። በዚህ ሳምንት ካስተላለፋችሁት ወሬ ውስጥ በጣም ያስደሰታችሁን፣ ወይም የማትወዱትን ወገን ያዋረደላችሁን አንዱን ምረጡ። ማን አየ? መቼና የት ነው? ሌላው ወገን ምን አለ? ሐሰት ቢሆን ማን ይጎዳል? ብላችሁ ጠይቁ። እውነት ሆኖ ካገኛችሁት በተረጋጋ ልብ ትናገሩታላችሁ። ካልሆነ፣ ያስተላለፋችሁለትን ሰው አግኝታችሁ «ያ ወሬ ልክ አልነበረም» በሉት። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ወሬው ከእናንተ ስልክ ወጥቷልና።

ያ አላህ፣ እውነቱን እውነት አድርገህ አሳየን፣ እንድንከተለውም እርዳን። ሐሰቱን ሐሰት አድርገህ አሳየን፣ እንድንርቀውም እርዳን። ምላሳችንንና ጣቶቻችንን ከማናውቀው ነገር ጠብቅልን። ለሁሉም ፍትሐዊ እንድንሆን አድርገን። አሚን።

በነቢያችን ላይ ሰለዋት ማብዛት አትርሱ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።