ቋንቋ የማን ዕዳ ነው?

ሕፃን ቋንቋን ከማን ይማራል ቢባል፣ መልሱ «ከእናቱ» ነው። መልሱ እውነት ቢሆንም ጎዶሎ ነው። እናት አፍ ታስፈታለች እንጂ ሰዋስው አታስተምርም። በነቀምቴ ገበያ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የሚውል ሕፃን የሚሰማው ያልተቆራረጠ የድምፅ ጅረት ነው፤ በጽሑፍ ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ በንግግር ውስጥ የለም።

ይሁን እንጂ ሕፃኑ «ቢሻን ዹጊ»፣ ማለትም ውሃ ጠጣ፣ «ቢሻን ፊዲ»፣ ማለትም ውሃ አምጣ፣ ሲባል ይሰማል። ከ«ቢ» ቀጥሎ «ሻን» ደጋግሞ ይመጣል፤ ከ«ሻን» ቀጥሎ የሚመጣው ግን ይለዋወጣል። ሕፃኑም ሳይታወቀው ይህን እያመዛዘነ፣ አዘውትሮ አብሮ የሚሄደውን እንደ አንድ ቃል በትዝታው ያኖራል። ሳፍራን፣ አስሊንና ኒውፖርት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ የ8 ወር ሕፃናት ትርጉም የለሽ የድምፅ ሰንሰለት ለ2 ደቂቃ ብቻ ሰምተው እንዲህ ያለውን ልዩነት እንደሚያስተውሉ አሳይተዋል። ይህ ችሎታ ሰዋስውን ሁሉ ያስገኛል ወይ የሚለው ክርክር አልተዘጋም፤ ያልተሰማ ቃል በትዝታ እንደማይኖር ግን አያከራክርም።

የሞራሉ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው በባሪያ ፈንጋዮች ተነጥቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጡ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም ሲነሡ፣ ከአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ርቀው ያደጉ በመሆናቸው ቃላት አጠሯቸው። ባርነት የነጠቃቸው ነፃነታቸውን ብቻ ሳይሆን ሊሰሙት ይገባ የነበረውንም ንግግር ነበር። ጉድለቱን የሞሉት ራሳቸውም ከባርነት የወጡት አስቴር ጋኖ ናቸው። ቃላት ሰበሰቡ፤ 500 ያህል ተረቶች፣ ምሳሌዎች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች ከትዝታቸው ጻፉ፤ ከፊሎቹም እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ ገቡ። መጽሐፍ ቅዱሱ በ1899 ታተመ፤ ኦኔሲሞስም በ1904 ነቀምቴ ገብተው በኦሮምኛ ማስተማር ጀመሩ።

አስቴር ጋኖ በዕውቀትነት ያበረከቱት፣ ማንም «ላስተምርሽ» ሳይላቸው በልጅነት በጆሯቸው የገባውን ነው። ተረቱን ያወጋ፣ እንቆቅልሹን የጠየቀ ሁሉ መጽሐፍ እየጻፈ መሆኑን አላወቀም ነበር።

እንግዲህ ቋንቋ ሳይጠይቁ የተበደሩት ሀብት ነው፤ ዕዳውም የሚከፈለው ለአበዳሪው ሳይሆን ለተተኪው ትውልድ ነው። በነቀምቴም ሆነ በግምቢ፣ በደምቢ ዶሎም ሆነ በሌላ ከተማ፣ በሕፃን ፊት አፉን የሚከፍት ሁሉ መምህር ነው። ዝምታውም ቢሆን ከሕፃኑ ድርሻ ላይ የሚቀነስ ነው።