በር መከፈቱ ጥሪ ነው ወይ?

በእኔ ዕድሜ ያለን ልጆች «እግዚአብሔር በር ከፈተልኝ» ማለት እንወዳለን። ቪዛው ከመጣ ጥሪ ነው፤ ካልመጣ «ፈቃዱ አይደለም» እንላለን። አባባሉን አልጠላውም፤ ምስጋና አለበት። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል፦ ለዮናስም እኮ በር ተከፍቶለት ነበር።

እስቲ አስቡት። ወደ ነነዌ ሂድ ተባለ፤ እሱ ወደ ኢዮጴ ወረደ። መርከብ አገኘ፤ መርከቡም እሱ ወደፈለገበት ወደ ተርሴስ የሚሄድ ነበር። ሒሳቡን ከፍሎ ተሳፈረ። እስከዚህ ድረስ ምንም አልተደናቀፈበትም። እስራኤላውያን ግን ወደ ፊት ተጓዙ ሲባሉ ፊታቸው ያለው ባሕር ነው፤ ያውም ገና ያልተከፈለ። እንግዲህ መንገዱ መቅለሉም ሆነ መክበዱ ብቻውን ስለ ጥሪው ብዙ አይነግረንም። ታዲያ በምን እንለየው?

እኔ አንድ ጥያቄ ይረዳል ባይ ነኝ፦ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ዮናስ የከፈለው የራሱን መሳፈሪያ ነው። ማዕበሉ ሲመጣ ግን ዕቃቸውን ወደ ባሕር የጣሉት ምንም የማያውቁት መርከበኞች ናቸው።

ይህንን ጥያቄ እንድጠይቅ ያደረገችኝ የጣናዋ ወለተ ጴጥሮስ ናት። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ የተጻፈው ገድሏ እንደሚተርከው የትልቅ ሰው ልጅ ነበረች። ባሏ መልክአ ክርስቶስም የአፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃ ነበር። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባት። መመንኮስ ፈልጋ ከቤቷ ጠፋች። ባሏም እሷን ፍለጋ አንድ ከተማ አወደመ።

እዚህ ላይ ምን ታደርጋላችሁ? «እግዚአብሔር ጠርቶኛል፣ የሚሆነው ይሁን» ማለት ትችል ነበር። እሷ ግን ተመለሰች። በሌላ ሰው ቤት መቃጠል ምናኔዋን አልገዛችም።

ተመልሳም አልቀረች። በአቡነ ስምዖን መገደል የባሏ እጅ እንዳለበት ስትረዳ ዳግመኛ ወጣች፤ መነኮሰች። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲያውጅ አልቀበልም አለች። ተከሰሰች፤ ዠበይ ወደሚባል ስፍራም ለሦስት ዓመት ተጋዘች። በዚህ ጊዜ ስለ እምነቷ በግዞት የተቀጣችው ራሷ ናት። ተከታዮቿም ወደ እሷ የመጡት ወደው ነው።

ሱስንዮስስ? ያመነውን ከልቡ አምኖ ይሆናል፤ ልቡን የሚያውቅ ፈጣሪ ነው። ግን እምነቱን በሠራዊት ሕዝቡ ላይ ጫነ። በ1624 ዓ.ም. አዋጁን መልሶ የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ እስኪል ድረስ የእሱን ውሳኔ በደሙ የከፈለው ገበሬው ነበር።

«ታዲያ ዘመድ አዝማድ እሺ እስኪል ልንቀመጥ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ማንም ሳይነካ የሚፈጸም ጥሪ የለም። ልጇ ሲመንን እናት ታለቅሳለች፤ ልጇ ሲሰደድም ታለቅሳለች። የእናት እንባ ብቻውን እግዚአብሔርን እምቢ ለማለት ምክንያት አይሆንም። ግን ማልቀስና በግድ መክፈል ይለያያሉ። የሚያለቅሰውን ሰው ልታጽናኑት ትችላላችሁ። የምትከፍሉት ግን የእሱን ከሆነ ቀድማችሁ ልትጠይቁት ይገባል።

ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬ ሥራውን ትቶ ገጠር ለማገልገል እንደተጠራ ነገረኝ። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣን ነበር። አልተጠራህም ልለው አልችልም፤ እኔ ማን ነኝና? ያነሳሁበት የታናሽ እህቱን የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፤ ከፋዩ እሱ ነበር።

«እግዚአብሔር ያውቃል» አለኝ።

«እሱስ ያውቃል። እሷስ ታውቃለች?»

ዝም አለ። ማታውኑ ቤት ሄዶ ለእናቱና ለእህቱ ነገራቸው። እህቱ መጀመሪያ ተቆጣች። ቆይታ ግን «የመንግሥት ትምህርት ቤት እገባለሁ፤ የዘንድሮውን ብቻ አስጨርሰኝ» አለችው። እሱም አስጨርሷት ሄደ። እንዲህ በመዘግየቱ እምነቱ ያነሰ አይመስለኝም። እንዲያውም ከዚያ በፊት ሂሳቡን እግዚአብሔር ላይ ጥሎ ነበር፤ አሁን ግን የራሱን ድርሻ ተሸክሞ ነው የወጣው።

ይህንን ጥያቄ ላለመሄድ ሰበብ የሚያደርገው ሰው እንዳለም አውቃለሁ። «እናቴ ታዝናለች» እያለ አሥር ዓመት የሚቀመጥ አለ፤ እናቱን ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቃትም። ወለተ ጴጥሮስ ለሰው ስትል መመለሷን ካነሳን ዳግም መውጣቷንም ማንሳት አለብን። ጉዞዋ በጣና ዙሪያና ከዚያም ርቆ ሰባት ማኅበራትን እስከ መመሥረት አደረሳት፤ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. አርፋ ሬማ ደሴት ተቀበረች። ዠበይ ስትወርድ ግን ከእነዚህ ማኅበራት አንዱም አልነበረም። በእጇ የነበረው ያንን ቀን የሚያስኬድ እምነት ነው።

እናንተም «ሂድ» ወይም «ሂጂ» የተባላችሁ ከመሰላችሁ፣ በሩ ተከፍቷል ወይስ ተዘግቷል ከማለታችሁ በፊት የሚከፍለውን ሰው ፈልጉት። ሌላ ሰው ከሆነ ዛሬውኑ አናግሩት። ራሳችሁ ከሆናችሁ ግን ምን ትጠብቃላችሁ?