አንድምታ ዘአደገኛ ቆሻሻ

ንባቡ አጭር ነው፤ «የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1090/2010» ይላል። በነጋሪት ጋዜጣ ርእስ ላይ ዓይን ቶሎ ያልፋል፤ ነገሩ ያለው ከሥር በአንቀጹ ነው ብሎ። ነገር ግን በዚህ ርእስ የተቀመጡት ቃላት እያንዳንዳቸው ሐተታ ይሻሉ፤ አንዱን ሳይፈቱ ወደ ሌላው ማለፍም ጭነት ሳይፈትሹ ኬላ እንደ መክፈት ነው።

«አደገኛ» አለ። አደጋ በቀደመው አነጋገር ሽምቅ ነው፤ «አደጋ ጣለ» ሲሉ ሌሊት ተጉዞ፣ ሳይሰማ ደርሶ ወጋ ማለት ነው። እንግዲህ አደገኛ ማለት ያደፈጠ ማለት ይሆናል፤ በመጋዘን ጥግ፣ በበርሜል ውስጥ ዓመታት ዝም ብሎ የሚቀመጥ፣ በርሜሉን ዝገት የበሳው ዕለት የሚወጣ። አንድም አደገኛ የተባለው በባሕርዩ ነው፤ የሚነድ፣ የሚፈነዳ፣ የሚመርዝ፣ ሥጋንም ብረትንም የሚበላ ነውና፤ ይህን፣ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት በአባሪው ዘርዝሮታል። አንድም አደገኛ የሆነው አገር በሕጓ «ይህ አደገኛ ነው» ስላለችው ነው። ስምምነቱ በአባሪው ያልጻፈውን እንኳ ላኪዪቱ ወይም ተቀባይቱ ወይም መተላለፊያዪቱ አገር በገዛ ሕጓ አደገኛ ካለችው እንደ አደገኛ ይያዝ ይላልና። ባሕርዩ ይቀድማል ወይስ ስሙ ቢሉ፣ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት የመጻሕፍት ትርጓሜ ወገኖች ቢከራከሩበት የሚያምር ጥያቄ ነበር፤ እኔ ግን ሁለቱንም እንዳሉ አኖራለሁ።

«ቆሻሻ» አለ። ስለምን ጥራጊ አላለም ቢሉ፣ ጥራጊ መጥረጊያ የነካው ብቻ ነው። ጉድፍም አላለም። ጉድፍ ከግእዙ ገደፈ ጋር ይዛመዳል፤ ገደፈ ጣለ ማለት ነው፤ ጸሐፊ የዘለለውንም ቃል ግድፈት ያልነው ከዚያው ነው። ቁም ጸሐፊ የጣለውን ፊደልና ፋብሪካ የጣለውን አሲድ አንድ ሥር ማስተናገዱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ቆሻሻ ግን ምንድን ነው ቢሉ፣ ባዝል በሦስት ይፈታዋል፤ የተጣለ፣ ሊጣል የታሰበ፣ ወይም ይጣል ዘንድ የአገር ሕግ ያዘዘው። የተጣለው በዓይን ይታያል፤ የታሰበው በባለቤቱ ልብ ነው፤ የታዘዘው በመጽሐፍ ነው።

ክርክሩ ያለው በመካከለኛው ነው። የደከመ የመኪና ባትሪ ከደጄ ጥግ ቢቀመጥ ለእኔ ቆሻሻ ነው። ቆራሌው እየጮኸ መጥቶ፣ በሁለት እጁ አንሥቶ፣ ክብደቱን ገምቶ ዋጋ ሲጠራ ሸቀጥ ይሆናል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ ጥሬ ዕቃ ይባላል፤ በዚያ ሰፈር ቆሻሻ የሚባል ነገር ያለም አይመስለኝ። በውስጡ ያለው እርሳስና አሲድ ግን በሦስቱም ስም ያው ነው።

ለዚህ ታሪክ ይጠቀስለታል። በ1986 እ.ኤ.አ. ኪያን ሲ የተባለች መርከብ ከአሜሪካዪቱ የፊላዴልፊያ ከተማ የቆሻሻ ማቃጠያ 14,000 ቶን ያህል አመድ ጫነች። የሚቀበላት ወደብ አጥታ ስትዞር ከርማ፣ በ1988 መጀመሪያ በሄይቲ ጎናይቭ ዳርቻ 4,000 ቶን ያህሉን አራገፈች። ምን ብላ ቢሉ፣ ማዳበሪያ ብላ። አመዱ ስም ለወጠ ማለት ነው። አንድም መርከቢቱ ራሷ ስም ለወጠች፤ ፌሊሺያ ተባለች፣ ደግሞም ፔሊካኖ ተባለች። የቀረው አመድ ባሕር ገባ። በጎናይቭ የተራገፈው ግን ከ12 ዓመት በኋላ እንደ ገና ተጭኖ ወደ መጣበት አገር ተመለሰ።

በዘመናችን ደግሞ የማይሠራ ኮምፒውተር «ልገሳ» ተብሎ በኮንቴይነር ይጓዛል። ስለዚህ የባዝል አባል አገሮች በ2022 ተነጋግረው፣ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አደገኛ ይሁንም አይሁንም ያለ ተቀባይ አገር ፈቃድ እንዳይሻገር አደረጉ። ልገሳውና ቆሻሻው የሚለዩት ሶኬት ላይ ተሰክቶ በመብራቱና ባለመብራቱ ነው ብል አላጋንንም።

«ድንበር» ግን በርእሱ አላለም። ስለምን ቢሉ፣ በአገር ውስጥ ያልተያዘ ነገር በኬላ አይያዝምና። አንድም የድንበሩ ነገር ከባዝል ስምምነት ይመጣልና፤ ስምምነቱ በመጋቢት 1989 እ.ኤ.አ. ጸደቀ፣ በ1992 ጸና። ከመጽደቁ በፊት በነበረው ዓመት ናይጄሪያ ውስጥ ኮኮ በምትባል የወንዝ ወደብ፣ አንድ ሰው ግቢውን በወር ወደ 100 ዶላር አከራይቶ ከጣልያን የመጣ በሺህ የሚቆጠር በርሜል መርዝ ተከምሮበት ተገኘ። ናይጄሪያም በዚያው ዓመት በብርቱ የሚቀጣ ሕግ አወጣች፤ በርሜሎቹም ወደ ጣልያን ተመለሱ። አፍሪካውያን ባዝልን ሲያዩት፣ ጠይቀህ አሻግር የሚል እንጂ አታሻግር የሚል አልሆነላቸውም። ስለዚህ በጥር 1991 እ.ኤ.አ. በባማኮ የራሳቸውን ጻፉ፤ ከአህጉሩ ውጭ የሚመጣ አደገኛ ቆሻሻ አይግባ፣ ማስገባቱም ወንጀል ይሁን አሉ። ባዝል የተወውን የጨረራ ቆሻሻንም ጨመሩበት፤ በተሠራበት አገር የታገደውንም ምርት ጨመሩበት። ኢትዮጵያ ሁለቱንም ተቀብላለች።

ባዝል የሚጠይቀው «ፈቃድ» አስቀድሞ ያወቀ ሰው ፈቃድ ነው። ሳያውቅ እሺ ያለ፣ እሺ አላለም። ላኪዪቱ አገር ለተቀባይቱም ለመተላለፊያዪቱም በጽሑፍ ታስታውቃለች፤ ተቀባይቱ በጽሑፍ ካልመለሰች ጭነቱ ከቆመበት አይነቃነቅም። የተቀባይ ዝምታ እንደ እሺታ አይቆጠርም። ለእኛ መተላለፊያ የምትለዋ ቃል ከብዳ ትነበባለች፤ ባሕር በር ለሌላት አገር በመርከብ የሚሄድም የሚመጣም ጭነት ሁሉ የጎረቤት ምድር ይረግጣልና።

«አያያዝ» ከላይ «በአገር ውስጥ ያልተያዘ በኬላ አይያዝም» ባልነው ተፈትቷል። «ቁጥጥር» ከቆጠረ ነው። አንድም በርሜሉን መቁጠር፤ አንድም ቆጣሪውን መቁጠር፣ ማን አመነጨ፣ ማን ጫነ፣ ማን ተረከበ እያሉ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 አስቀድሞ፣ አደገኛ ቆሻሻን ማመንጨትም፣ ማከማቸትም፣ ማጓጓዝም ያለ ፈቃድ አይሆንም ማለቱ ለዚህ ነው።

«አወጋገድ» የሚለውን ወደ ኋላ ያቆየሁት እጅግ ስለሚያሳስበኝ ነው። «ወገድ በል» ስንል ገለል በል ማለታችን ነው። እንግዲህ ማስወገድ ከዓይን ማራቅ ነው። አንድም ማጥፋት ነው። አንዱ ቃል ሁለቱን መያዙ ለቋንቋው ጌጥ፣ ለቆሻሻው ግን መሸሸጊያ ሆኗል። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንበጣውም ለወባውም ለተምቹም እየተባለ ወደ አገራችን የገባ ፀረ ተባይ ጊዜው አልፎበት በየክፍለ ሀገሩ መጋዘን ተከማችቶ ነበር፤ ወገድ ብሎ ነበር፣ አልጠፋም ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በምግብና እርሻ ድርጅት አስተባባሪነት ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነው እንደ ገና ታሽጎ፣ በኮንቴይነር ተጭኖ፣ ባሕር ተሻግሮ ፊንላንድ ደርሶ በብርቱ እሳት ተቃጠለ። መርዝ ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ ተጓዘ ማለት ነው፤ ጉዞው የኮኮ ተገላቢጦሽ ነው፣ የፈቃዱም ወረቀት ከፊት ቀድሞ ሄዷል።

በባዝል ሥርዓት ከእንዲህ ያለ ጉዞ በኋላ አስወጋጁ ሁለት ነገር ለላኪዪቱ አገር ይጽፋል፤ ደረሰኝ ብሎ፣ ደግሞም አስወገድሁ ብሎ። በዚህ ወረቀት ላይ ያለው ማስወገድ የኋለኛው ማስወገድ ነው፤ የነደደ፣ የጠፋ። በርሜሉ ይንጠባጠብበት የነበረው የመጋዘን ወለል ግን ከወረቀቱ አልተጻፈም። አፈሩ ስንት ክንድ ወደ ታች ጠጥቶ እንደ ሆነ የሚያውቀው የቆፈረው ነው።